«ቡና ዛሬ ስንት ነው?» የሚለውን ሰው አናባርረው

ላኪዎች፣ አቅራቢዎች፣ የዩኒየንና የማኅበር ሰዎች፣ የእህል በረንዳ ነጋዴዎች። የዛሬ ጠዋቱ ዋጋ ከላይ ወጥቷል፣ እሱን እዚያው ተመልከቱ። ይሄኛው ጽሑፍ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ስለሚጠይቁ ሰዎች ነው።

ሰሞኑን ከነባር አባላት ተደጋግሞ የመጣልን ሐሳብ አለ። «አዲስ ሰው ማስገባት ይቁም»፣ «መጠየቂያውን ዝጉትና ዋጋ ብቻ ለጥፉ»፣ «ቡና ስንት ነው እያለ የሚጽፈውን በቀጥታ አስወጡት» የሚል። ይህን የሚሉት ተራ ሰዎች አይደሉም። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ ታላላቆቼ ናቸው፤ እኔም ብዙ ነገር ያወቅሁት ከእነሱ ነው። ድካማቸው ይገባኛል። ስልክህ በቀን ሃያ ጊዜ ጮኾ ሃያውም ያው አንድ ጥያቄ ሲሆን ያሰለቻል።

ግን አልስማማም። መጠየቂያውን መዝጋት የሚጎዳው አዲሱን ሰው ብቻ አይደለም፣ እኛኑ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ከዚያ ምን ብናደርግ እንደሚሻል የራሴን ላቅርብ። እናንተም የናንተን ትጨምራላችሁ።

*ጥያቄው ለምን ይደጋገማል?*

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው ዋጋ የሚያውቀው ከሚገዛው ሰው አፍ ነበር። ገዢው «ዛሬ ወድቋል» ካለ ወድቋል። ምርት ገበያው ሲመጣ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ዋጋውን በየከተማው ሰሌዳ ላይና በስልክ ማውጣት ነበር። ቡናም ከዩኒየኖችና የራሳቸውን እርሻ ምርት በቀጥታ ከሚልኩት በስተቀር በዚያው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ያ አሠራር የራሱ ብዙ ችግር ነበረው፤ ዛሬ እሱን አልነካም። ግን አንድ ነገር ነበር፦ «ዛሬ ስንት ነው?» ለሚል ሰው የሚታይ ሰሌዳ ነበረው።

አሁንስ? ላኪው ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ ተሳስሮ መግዛት ከተፈቀደለት ወዲህ ብዙ ቡና የሚሸጠው በስልክና በቢሮ በሚደረግ ድርድር ነው። ዋጋውን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፣ ካሉም እንደኔ ዓይነት ደላሎች። ቀጥታ ትስስሩ ጥራት ላይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፤ የቡናው ምንጭም ይታወቃል። ዋጋው ግን ከሰሌዳ ወርዶ ኪስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ሰው ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ጥያቄው የበዛው ሰው ስለሰነፈ አይደለም። ድሮ ሰሌዳው ይመልሰው የነበረውን አሁን የሚመልስ ስለሌለ ነው።

በዚህ ላይ የዓለም ዋጋ ጨመረበት። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኒውዮርክ አረቢካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ቆሞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በየካቲት ደግሞ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ወሬው ቴሌቪዥን ላይም ቲክቶክ ላይም ደረሰ። መኪና ሻጩም፣ ዕቃ አስመጪውም፣ ከዐረብ አገር ገንዘብ የላከችው እህታችንም «ቡና ውስጥ ልግባ» አሉ። ዋጋ ሲወጣ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ሲወርድ ይሄዳል። ሁሌም እንዲህ ነው። ጥያቄው የሚቀረው ማንኞቹ ሰዎች ሥራውን ለምደው ይቀራሉ፣ ማንኞቹስ ተጎድተውና ሌላውን ጎድተው ይወጣሉ የሚለው ነው።

*ጥያቄው መልስ የለውም፤ የጠያቂው ጥፋት ግን አይደለም*

«ቡና ዛሬ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቀና መልስ የለም። ነባሩ ይህን ያውቃል፣ ለዚያ ነው የሚናደደው። አዲሱ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቡና ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል።

ቁጥር ከመሰጠቱ በፊት አምስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦

1. የየት ቡና? የጅማ፣ የነቀምት፣ የሲዳማ፣ የጉጂ፣ የይርጋጨፌ፣ የሐረር።
2. በምን መልክ? እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው፣ የታጠበ ከነገለባው ነው ወይስ የተቀሸረ?
3. ደረጃውና እርጥበቱ? ተቀምሷል? ደረጃ ወጥቶለታል?
4. የት ርክክብ? ከገበሬው ደጅ፣ ከአቅራቢው ግቢ ወይስ አዲስ አበባ መጋዘን ድረስ?
5. በምን መለኪያና በምን ክፍያ? በኪሎ፣ በፈረሱላ፣ በኩንታል? ዛሬ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ?

ከነዚህ አንዷ ስትጎድል የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፣ የዛሬ ዋጋ ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ። አንድ ሰው «10,000 ብር» ብሎ መለሰ እንበል። በፈረሱላ ከሆነ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነውና በኪሎ 588 ብር ነው። ያው ቁጥር በኩንታል ከሆነ ግን በኪሎ 100 ብር ነው። ስድስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ሰዎች «10,000» ብለው ተስማምተው ስልክ ሊዘጉ ይችላሉ።

አሁን ደግሞ መልኩን ጨምሩበት። 588 ብር የተባለው የተቀሸረ ንጹህ ቡና ነው እንበል። ጠያቂው ያለው ጀንፈል ነው። 100 ኪሎ ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሹ ገደማ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሱ ዋጋ ከግማሽ በታች ነው፣ የመቀሸሪያውና የጭነቱ ገና አልተቀነሰም። እሸት ከሆነማ ለ1 ኪሎ ንጹህ ቡና ወደ 6 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ታዲያ ለዚህ ሰው «588» ብለን ስንመልስለት መለስንለት ወይስ አሳሳትነው?

እህሉም ያው ነው። «ጤፍ ስንት ገባ?» ስትል ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው፣ ቀይ ነው? እህል በረንዳ ነው ወይስ ቢቸና? «ሰሊጥ ስንት ነው?» ስትል የሁመራ ነው ወይስ የወለጋ? የሁመራው እንዳለ ለምግብና ለጣፋጭ ይፈለጋል፣ የወለጋው ይበልጥ ለዘይት ነው፤ ገዢያቸውም ዋጋቸውም ይለያል።

እንግዲህ አዲሱ ሰው እነዚህን አምስቱን አሟልቶ ቢጠይቅ ኖሮ አዲስ አይባልም ነበር። ማንም ሰው ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ የሚችለው ግማሹን መልስ ካወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ተገቢው ምላሽ መሳቅ ሳይሆን ጥያቄውን ማስተካከል ነው።

*«ኒውዮርክ ወጣ፣ የኛ ለምን አልወጣም?»*

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ጥያቄ ይሄ ነው። እሱንም አንዴ በደንብ ልመልሰውና ከዚህ በኋላ ይህን ጽሑፍ መላክ ብቻ ይበቃል።

ኒውዮርክ የሚባለው ለወደፊት ርክክብ የሚደረግ የአረቢካ ውል ዋጋ ነው፤ የሚነገረውም በአሜሪካ ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ ነው። ገበያው የሚዘጋው በኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አሜሪካኖቹ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲለውጡ ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ጠዋት የምታዩት ቁጥር የትናንት ማታ ነው። የለንደኑ ደግሞ ሮቡስታ ነው፣ በዶላር ለአንድ ቶን ይነገራል። የለንደንን ቁጥር ይዞ የጅማ አቅራቢን የሚከራከር ሰው አይተናል።

ኒውዮርክ 300 ሳንቲም ቢሆን 3 ዶላር በፓውንድ ነው። በ2.2046 ስታባዙት በኪሎ 6.61 ዶላር ይመጣል። በ17 ስታባዙት ፈረሱላው 112 ዶላር ከ40 ሳንቲም አካባቢ ነው። አዲሱ ሰው ይህን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ያባዛና «ገበሬው ተዘረፈ!» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ገና ልዩነቱ አለ፦ ይርጋጨፌ ብዙ ጊዜ ከኒውዮርክ በላይ ጭማሪ ይጠየቅበታል፣ ጅማ 5 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ይሸጣል። ከዚያ ማበጠሪያው፣ ጆንያው፣ የጅቡቲ ጭነቱ፣ የባንክ ወለዱ፣ ተበጥሮ የሚወጣው ብጣሪ አለ። ከዚያም ላኪው ከሁለት ወር በፊት በሌላ ዋጋ የፈረመው ውል አለ። ዛሬ ኒውዮርክ ቢወጣም እሱ የሚጭነው በድሮው ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ጨምሮ ሊገዛ አይችልም።

የምንዛሪውም ታሪክ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ማለት ነው፣ አንዳንድ ላኪ ቡናው ላይ እየከሰረ ዶላሩን አግኝቶ በሚያስመጣው ዕቃ ያካክስ ነበር። ያኔ የአገር ውስጥ ዋጋ ከኒውዮርክ ስሌት በላይ ሲሄድ ያየ ሰው ዛሬም እንዲሁ እንዲሆን ይጠብቃል። ጊዜው ተለውጧል፤ ስሌቱም አብሮ ተለውጧል።

ይህን ሁሉ ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ፈጀ? አምስት። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ለመላክ ሁለት ሰከንድ።

*ካልመለስን ማን ይመልስለታል?*

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። ሰው ጥያቄው ስላልተመለሰለት መጠየቁን አይተውም። ሌላ ቦታ ይጠይቃል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፣ ስምና ቦታ ሳልጠራ። ጥር ላይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሹም «ሰላም፣ የጅማ ቡና ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የመጣለትን አንብቤያለሁ፦ ሦስት የሳቅ ምልክት፣ አንድ «ፒን የተደረገውን አንብብ»፣ አንድ «ገና አሁን ነው የነቃኸው?» ሰውየው ጥያቄውን አጠፋው። በዚያው ቀን አንድ ሰው ኢንቦክስ ገባለትና በጨዋ ቋንቋ «ወንድሜ፣ ገበያው ወድቋል፣ መኪና ሁሉ ቆሟል፣ ለአንተ ስል እገዛሃለሁ» አለው። ማኅበሩ 40 ኩንታል ጀንፈል ሸጠ። እዚያው ወረዳ ያለ ሌላ ማኅበር በዚያው ሳምንት ተመሳሳዩን ጀንፈል በኪሎ 18 ብር ጨምሮ ነው የሸጠው። 40 ኩንታል 4,000 ኪሎ ነው። 72,000 ብር። እሱ በኋላ ደውሎ የነገረኝ ስለ ብሩ ከመሆኑ በፊት ስለ ሳቁ ነበር። «እኔ እኮ ጀንፈል ማለት እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ አንድ ሰው ጀንፈል ነው ወይ ቢለኝ ኖሮ እመልስ ነበር» አለኝ።

አያችሁ? ግሩፑ ውስጥ ያን ቀን ዋጋውን የሚያውቅ ቢያንስ አሥር ሰው ነበር። የመለሰለት ግን ለመልሱ ጥቅም የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ማንም በማያይበት። አደባባይ ላይ ቢመልስ ኖሮ ሌላው «ኧረ አይደለም» ባለው ነበር። አደባባዩን ስንዘጋ የምንዘጋው ገበያውን አይደለም፣ ምስክሩን ነው።

*የነባሮቹም ቅሬታ እውነት አለው*

ይህን ስል ነባሮቹ ተሳስተዋል እያልኩ አይደለም። ሦስት ነገራቸው ልክ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜ። የኤክስፖርት ሥራ አስኪያጅ ናሙና ቀምሶ፣ ገዢ አናግሮ፣ ባንክ ተሰልፎ መጥቶ ስልኩን ሲከፍት ሃያ «ስንት ነው» ካገኘ ዘግቶት ይሄዳል። ያ ሰው ከሄደ ደግሞ ለአዲሱ የሚመልስለት ሌላ አዲስ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንደሚባለው ነው። ባለፈው አንዱ ጠይቆ ሌላው የለንደንን ዋጋ በፈረሱላ ቀይሮ ሲመልስለት፣ ሦስተኛው ሲያመሰግን አይተናል።

ሁለተኛ፣ ጠያቂ ሁሉ አዲስ አይደለም። የሚያውቀውን የሚጠይቅ አለ። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ዋጋ ለማሽተት «ስንት ነው ቤተሰብ?» የሚል፣ ሦስት ሰው እንዲመልስለት አድርጎ ያንን ይዞ ገጠር የሚወርድ አለ። ይህን ነባሮቹ ከሩቁ ይለዩታል፣ ይናደዳሉም።

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ አዲስ ሰው ሥራ እንድንሠራለት ነው የሚፈልገው። «እውነተኛ የውጭ ገዢ አገናኙኝ»፣ «የውል ናሙና ላኩልኝ»፣ «ኤክስፖርት ለመጀመር ምን ያስፈልጋል፣ በዝርዝር»። ሰው በዓመታት ድካም ያገኘውን ደንበኛ በአንድ ሰላምታ ለመውሰድ መፈለግ ነው ይሄ።

መፍትሔው ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ማባረር አይደለም። መለየት ነው። ለመለየት ደግሞ ከላይ ከጻፍኳቸው አምስት ጥያቄዎች የተሻለ ወንፊት አላገኘሁም። እውነተኛው አዲስ ሰው «ጀንፈል ነው ወይስ የተቀሸረ? የት ነው ያለው?» ስትለው ደስ ብሎት ይመልሳል፣ ቡናው አለውና። ዋጋ የሚያሸተው ግን ያመልጣል። «ዝም ብዬ ነው፣ በአጠቃላይ ስንት ነው?» ይላል። በአጠቃላይ የሚባል ቡና የለም። እሱን በዝምታ እለፉት።

*«ልሽጥ ወይስ ልያዝ?»*

ይህ ጥያቄ ለብቻው መታየት አለበት፣ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው። ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው፦ «ያዝ፣ ገና ይወጣል!»፣ «ዛሬውኑ ሽጥ፣ ሊወድቅ ነው!» መልሱን ትታችሁ መላሹን ተመልከቱ። መጋዘኑ ውስጥ 500 ኩንታል ያስቀመጠ ሰው «ያዝ» ይላል። ለመጋቢት የፈረመውን ውል ያልሞላ ላኪ «ሽጥ» ይላል። እኔም ደላላ ነኝ። ኮሚሽን የማገኘው ስትሸጡ ነው፣ ስትይዙ አይደለም። ስለዚህ የኔም ሚዛን ወደ «ሽጥ» ያዘነብላል፤ ማንም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

መላሹ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ሰው የቆመበት ቦታ የሚያየውን ይወስነዋል። ነባሩ ይህን ስለሚያውቅ መልሱን ቀንሶ ይሰማል። አዲሱ ግን እንዳለ ይውጠዋል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ይሁን፦ የሚመልስ ሰው በመጀመሪያ የየት ወገን እንደሆነ ይናገር። «ላኪ ነኝ»፣ «አቅራቢ ነኝ»፣ «ዩኒየን ነኝ»፣ «ደላላ ነኝ»። አንዲት ቃል ናት።

ለጠያቂውም የምለው አለኝ። ልያዝ ወይስ ልሽጥ ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቡናው የተገዛው በብድር ነው? ወለዱ በወር ስንት ነው? እርጥበቱን ችሎ የሚቆይ ነው? መጋዘኑ ደረቅ ነው? የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ መቼ ነው? ይህን የማያውቅ ሰው «ያዝ» ሊላችሁ አይችልም፣ እኔም ጭምር። ግማሹን ሸጦ ግማሹን መያዝም ነውር አይደለም።

*ምን እናድርግ?*

የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። አድሚኖች ተወያይተውበታል፣ የሚሻሻል ካለ ጻፉልን።

ሀ. በዚህ ቻናል የሚወጣ ማንኛውም ዋጋ አምስቱን ነገሮችና ሰዓቱን ይያዝ። ባዶ ቁጥር የለጠፈ ሰው፣ ነባርም ቢሆን፣ እንዲያስተካክል ይነገረው። አዲሱን ከመውቀሳችን በፊት «ጅማ 9 ገባ» ብለን የምንለጥፈው እኛ ነን። እሱ አጠያየቁን የተማረው ከኛ አጻጻፍ ነው።

ለ. ባዶ ጥያቄ ሲመጣ ተረኛው ይህን ይላክ፦ «እንኳን ደህና መጡ። በትክክል እንድንመልስልዎ የየት ቡና እንደሆነ፣ መልኩን፣ ደረጃውን፣ ያለበትን ቦታ፣ መለኪያና ክፍያውን ይጨምሩልን።» በቃ። ሌላው ሰው ምንም መጻፍ አይጠበቅበትም። መሳቅም አይፈቀድለትም።

ሐ. ተረኛ ይኑር። በሳምንት ሦስት ሰው፦ አንድ ከላኪ፣ አንድ ከአቅራቢ፣ አንድ ከዩኒየን። ሦስቱም ወገን ያለው አንዱ ሌላውን እንዲያይ ነው። ተራው ያልሆነ ሰው ስልኩን በሰላም ይዝጋ። የሚደክመው ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ተረኛ ስለሆነ ነው።

መ. ቅዳሜ ከሰዓት ለአዲስ ሰዎች ይሁን። የፈረሱላ ስሌት፣ የጀንፈል ስሌት፣ የኒውዮርክ አነባበብ፣ ለኤክስፖርት ከቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚጠየቀው የብቃት ማረጋገጫ፣ የውል ምዝገባ፤ ሁሉም እዚያ ይጠየቅ። አዋቂ የሆነ ሰው በድምፅ ቢያስረዳ ደግሞ የተሻለ፤ ከገጠር የሚከታተሉን ብዙዎቹ ከማንበብ መስማት ይቀናቸዋል።

ሠ. «ገዢ አገናኙኝ» እና «ቅድሚያ ክፍያ ላኩ» የሚባል ነገር በግሩፑ አይስተናገድ። አዲሶች፣ ይህን ልብ በሉ፦ ናሙና ሳታዩ፣ ቡናው ያለበትን መጋዘን ሳታረጋግጡ፣ ኢንቦክስ ለገባ ሰው ብር አትላኩ። ነባር አባል ነኝ ቢላችሁም አትላኩ። እኔ ነኝ ቢላችሁም አትላኩ።

ረ. መልስ ያገኘ ሰው ተመልሶ ይምጣ። ሲሸጥ በስንት እንደሸጠ፣ በአምስቱ መስፈርት፣ ይጻፍ። የገዢውን ስም አንፈልግም። ዋጋውን ብቻ። የመልሱ ክፍያ ይሄ ነው።

*የመጨረሻዋ ለምን ትበልጣለች?*

ነባሮች ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እኛ በየጠዋቱ የምናወጣው ዋጋ ከየት ነው የሚመጣው? ከአዲስ አበባ ቢሮ አይደለም። ከጌራ፣ ከቀርጫ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከቦንጋ፣ ከደምቢ ዶሎ ነው። እዚያ እሸት የሚሰበስበው ልጅ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም፣ ጀንፈል በአህያ አስጭኖ የሚመጣው ገበሬ ልጁን አስይዞ በሚያጽፈው መልእክት ነው ገበያው የሚታወቀው። «አዲስ ሰው» የምንላቸው በብዛት እነሱ ናቸው። ለቴሌግራም አዲስ ናቸው፣ ለቡናው ግን ከማናችንም በላይ ነባር ናቸው።

እነሱን ካስወጣን ግሩፑ ውስጥ የምንቀረው መቶ ላኪና ሃምሳ ደላላ ነን። እርስ በርሳችን የሰማነውን እየተቀባበልን፣ አንዱ የሌላውን ግምት እንደ ዋጋ እየለጠፈ። ያን ጊዜ ጸጥ ይላል፣ እውነት ነው። ማንም «ቡና ስንት ነው?» አይልም። እኛም ራሳችን ስንት እንደሆነ አናውቅም።

ድሮ በእህል በረንዳ አዲስ ልጅ ሲመጣ የሚሆነውን ታላላቆቼ ያውቁታል። ጆንያ የሚወጋውን ብረት ያሸክሙታል፣ ከጎን ያስቆሙታል፣ እህሉን መዳፉ ላይ አድርገው «ይሄ ማኛ ነው፣ ይሄ ሰርገኛ ነው» ይሉታል። ሲሳሳት ይቆጡታል። ግን አያባርሩትም፤ ነገ ክረምት ሲገባ ከጎጃም የሚመጣውን መኪና የሚቀበልላቸው እሱ ነው። ዛሬ በረንዳው ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ልጁ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ይጠይቃል። መዳፉ ላይ ልናደርግለት ስለማንችል ቢያንስ «ጀንፈል ነው ወይ?» እንበለው።

የመጀመሪያው ተረኛ ዝርዝር እሑድ ማታ ይወጣል። ከላኪዎች ሁለት፣ ከዩኒየን አንድ ሰው ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ከአቅራቢዎች እስካሁን አንድም የለም። አቅራቢዎች፣ የምትችሉ ሰዎች ከሥር ስማችሁን ጻፉ። በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

መልካም ገበያ።